የአልማዝን ስም በአውሮፓ ቋንቋዎች ስንተረጉም ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

የመጀመሪያው ስህተት «አልማዝ»ን እና «ዲያማንት»ን ባዕዳን አድርጎ ማየት ነው። ሁለቱም የአንድ እናት ልጆች ናቸው፤ እናታቸው «አዳማስ» የሚለው የግሪክ ቃል ናት፤ ትርጉሙም «የማይገራ፣ የማይሸነፍ» ማለት ነው። ወደ ምዕራብ የሄደው በኋለኛው ላቲን «ዲያማስ» ሆነ፤ ከእሱም የፈረንሳይኛው «ዲያማን»፣ የጣሊያንኛው «ዲያማንቴ»፣ የጀርመንኛው «ዲያማንት» እና የእንግሊዝኛው «ዳይመንድ» ተገኙ። ወደ ምሥራቅ የሄደው በዓረብኛ «አልማስ»፣ በቱርክኛ «ኤልማስ»፣ በሩስያኛ እንደ እኛው «አልማዝ» ተባለ።

ይህ መመሳሰል ደስ ቢያሰኝም ብዙ ተርጓሚ የሚሳሳተው እዚሁ ላይ ነው። በሩስያኛ «አልማዝ» ገና ያልተቆረጠው ጥሬ ድንጋይ ነው፤ መስታወት መቁረጫውም በዚሁ ስም ይጠራል። ተቆርጦና ተወልውሎ ቀለበት ላይ ሲቀመጥ ግን ስሙ «ብሪልያንት» ይሆናል። አንድ ጊዜ የጎረቤቴን የጌጣጌጥ ወረቀት ከሩስያኛ ስተረጉም ይህንኑ ቃል «የሚያብረቀርቅ ድንጋይ» ብዬ ጻፍኩት። የሚያብረቀርቅማ ብርጭቆም ያብረቀርቃል! የእናቷ ውርስ በእኔ አንድ ቃል ተራ ጠጠር ሊሆን ነበር። ወረቀቱን ተቀብዬ «አልማዝ» ብዬ እስካርመው ድረስ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ጀርመንኛው «ብሪልያንት» ደግሞ ይበልጥ ይጠብባል፤ በተለየ ክብ አቆራረጥ የተሠራውን አልማዝ ብቻ ነው የሚለው።

«ዲያ» የሚለውን መነሻ እንደ ሌሎቹ የግሪክ ቃላት «በመካከል ማለፍ» ብሎ መተርጎምም ስህተት ነው። በኋላ የገባ የድምፅ ለውጥ እንጂ የቃሉ ሥር አይደለም።

በጥንት ጽሑፎች «አዳማስ» ባዩ ቁጥር «አልማዝ» ብለው አይጻፉ። የጥንቱ ግሪክ ባለቅኔ ሄሲዮድ በአፈ ታሪኩ የሚነገርለት አምላክ የክሮኖስ ማጭድ ከአዳማስ ተሠራ ሲል የሚናገረው ስለ ብርቱ ብረት ነው። «የማይሸነፍ» የሚለው ትርጉምም «አይሰበርም» ማለት አይደለም። ሮማዊው ፕሊኒ አልማዝ በመዶሻ ቢመቱት መዶሻው ይሰነጠቃል ብሎ ጽፏል፤ እውነቱ ግን አልማዝን በቀላሉ የሚጭረው ነገር ባይኖርም በመዶሻ ሲመታ ይሰነጠቃል።

በመጨረሻም የሰው ስም ሲያጋጥም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። እኛ ዘንድ አልማዝ ሴት ናት፤ በሩስያ በሚኖሩት ታታሮች ዘንድ ግን ወንድ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2011 እስከ 2017 ኪርጊዝስታንን የመሩት ፕሬዝዳንትም አልማዝቤክ አታምባየቭ ይባላሉ።