ለባሕር ዳር ትራንስፖርት የሚሟገቱ ወጣት ባለሙያዎች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ባሕር ዳር ሜዳ ላይ የተኛች ከተማ ናት። ሕዝቧ ብስክሌት የለመደ ነው፤ ዳር ዳሩን ዘንባባ የተተከለባቸው ሰፋፊ መንገዶች አሏት። በግንቦት 2016 የተመረቀው አዲሱ የአባይ ድልድይ 380 ሜትር ርዝመትና 43 ሜትር ስፋት አለው። ይህ ሁሉ እያለ ጠዋት ከአባይ ማዶ ወደ ጊዮርጊስ፣ ከዚያም ወደ ሥራው የሚሄድ ሰው ባጃጅ እያቀያየረ፣ ተራ እየጠበቀ ይደርሳል። ነገሩ ያሳሰባቸው ወጣት መሐንዲሶች፣ ኢኮኖሚስቶች፣ ጠበቆችና የባንክ ሠራተኞች ተሰባስበው ጥያቄ ሲያነሱ ጥያቄው ብዙ ጊዜ መንገድ ላይ ይቀራል። ሐሳቡ ደካማ ስለሆነ አይደለም። አንድ ቢሮ ተቀብሎ ሊፈጽመው በሚችል መልክ ስላልቀረበ ነው። የሚከተሉት ስህተቶች በተደጋጋሚ የሚታዩ ናቸው።

"ለሚመለከተው ሁሉ" ብሎ መጻፍ

ለሁሉ የተጻፈ ደብዳቤ ለማንም አልተጻፈም። የትኛው ባጃጅ ወይም ሚኒባስ በየትኛው መስመር ይሥራ የሚለው የስምሪት ጉዳይ የከተማው ትራንስፖርት መዋቅር ሥራ ነው። ታሪፍ ሲነካ የክልሉ ትራንስፖርት ቢሮም ይገባበታል። ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ መጥቶ ወደ ጎንደር የሚያልፈው አገር አቋራጭ መንገድ ደግሞ የፌዴራል መንገድ ነው፤ አዲሱን ድልድይ ያስገነባውም የኢትዮጵያ መንገዶች አስተዳደር ነው። በከተማው ውስጥ ያለው የመንገድ ክፍል ጥገናው በማን እጅ እንደሆነ ሳትጠይቁ አትጻፉ። የእግረኛ ማቋረጫ ቀለም ለማስቀባት ክልሉን፣ ታሪፍ ለማስቀነስ ክፍለ ከተማውን መጠየቅ ሦስት ወር ያስበላል።

አንድ ደብዳቤ አንድ ጥያቄ ይያዝ፣ ከአንድ ገጽም አይለፍ። መዝገብ ቤት ስታስገቡ ገቢ ቁጥሩንና ቀኑን በራሳችሁ ቅጂ ላይ አስጽፉ። ከዚያ ዋናው ጥያቄ ይመጣል፦ ደብዳቤው ወደ ማን ተመራ? ኃላፊው የሚመራው ወደ አንድ ባለሙያ ጠረጴዛ ነው፤ ያንን ባለሙያ ካላገኛችሁት ደብዳቤው እዚያው ይተኛል። በአሥር የሥራ ቀን ውስጥ በአካል ሂዱና ምን እንደጎደለው ጠይቁት። ግልባጩን ለአሥራ አምስት መሥሪያ ቤት አትበትኑ፤ በእርግጥ ለሚሠራበት ለአንድ ወይም ለሁለት ብቻ ይድረስ።

ተሽከርካሪ ቆጥሮ ሰው አለመቁጠር

ከሁሉም የከፋው ይህ ነው፤ ቀጥሎ የሚመጣውን ስሌት ሁሉ ያበላሻል። በሩብ ሰዓት 40 ባጃጅ አለፈ ማለት ብዙ ሰው ተጓጓዘ ማለት አይደለም። ግማሾቹ ተሳፋሪ እየፈለጉ ባዶአቸውን የሚዞሩ ሊሆኑ ይችላሉ።

ለቆጠራው ማክሰኞ፣ ረቡዕና ሐሙስን ምረጡ። ቅዳሜ የገበያ ቀን ነው፤ ሰኞና ዓርብ ወደ ገጠርና ከገጠር የሚሄደው ይበዛል። በወር በ23 ጊዮርጊስ አካባቢ፣ በ21 ደግሞ ማርያም ባለበት ሁሉ አትቁጠሩ። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሲዘጋ ወደ ግቢዎቹ፣ ወደ ፔዳና ወደ ፖሊ፣ የሚሄደው መስመር ሌላ መልክ ይይዛል። የሰዓት እላፊ ገደብ ባለበት ሰሞን የተወሰደ የማታ ቁጥርም መደበኛውን አያሳይም፤ ከወሰዳችሁት ገደቡ እንደነበረ ቅጹ ላይ ጻፉ።

ሰዓቱ ጠዋት ከ1፡00 እስከ 3፡00፣ ማታ ከ11፡00 እስከ 1፡00 ይሁን፤ በየ15 ደቂቃው ይዘጋ። በመንገዱ በያንዳንዱ አቅጣጫ ሁለት ሰው ያስፈልጋል፦ አንዱ ያያል፣ አንዱ ይጽፋል። ቅጹ ላይ የተሽከርካሪው ዓይነት፣ በውስጡ ያለው ሰው ብዛት (ትርፍ የተጫነውም ጭምር)፣ ብስክሌትና እግረኛ ለየብቻ ዓምድ ይኑራቸው። በየሩብ ሰዓቱ መጨረሻ ፌርማታው ላይ ቆሞ የቀረውን ሰውም ቁጠሩ። ይህ ቁጥር ብዙ ጊዜ ይረሳል፤ ነገር ግን መሥሪያ ቤትን የሚያነቃንቀው እሱ ነው። የመጠበቂያ ጊዜ ለመለካት ከሚመጡት ሰዎች እያንዳንዱን አምስተኛ ሰው እየመረጣችሁ የመጣበትንና የተሳፈረበትን ደቂቃ መዝግቡ። ዓይን ያረፈበትን መምረጥ ውጤቱን ያዛባል።

ቁጥሩ ከተገኘ ስሌቱ ቀላል ነው። በአንድ አቅጣጫ በሰዓት 360 ሰው የሚሄድ ከሆነ፣ ሦስት ሰው በሚጭን ባጃጅ 120 ጉዞ ይጠይቃል፤ ማለትም በየ30 ሰከንዱ አንድ ባጃጅ። 12 ሰው በሚጭን ሚኒባስ 30 ጉዞ፣ 60 ሰው በሚይዝ አውቶቡስ 6 ጉዞ ይበቃል። በከተማው መንገድ ላይ ያለው መጨናነቅ ከየት እንደሚመጣ ይህ አንድ መስመር ከአሥር ገጽ መግለጫ በላይ ያስረዳል።

"አውቶቡስ ይገዛልን" ብሎ ማቆም

መግዛቱ የመጀመሪያው ወጪ ነው። ለግዥው የሚወጣው ካፒታል በጀት ነው፤ ነዳጁ፣ ጎማው፣ የሹፌሩና የረዳቱ ደመወዝ ከመደበኛ በጀት ይወጣል። ሁለተኛው ካልተያዘ አውቶቡሱ አንድ መለዋወጫ ሲጠፋ ይቆማል። ስለዚህ ጥያቄያችሁ ውስጥ የት ያድራል፣ ማን ይጠግነዋል፣ ከተሳፋሪ የሚሰበሰበው ስንቱን ወጪ ይሸፍናል የሚሉት መልስ ያግኙ።

የአውቶቡስ ቁጥርም በግምት አይጻፍ። 12 ኪሎ ሜትር በሆነ መስመር ላይ፣ ፌርማታውን ጨምሮ አማካይ ፍጥነቱ በሰዓት 18 ኪሎ ሜትር ቢሆን፣ ሄዶ ለመድረስ 40 ደቂቃ ይወስዳል። ደርሶ መልስ 80፣ በሁለቱም ጫፍ አምስት አምስት ደቂቃ እረፍት ሲጨመር 90 ደቂቃ። በየአሥር ደቂቃው አንድ እንዲደርስ 9 አውቶቡስ፣ ለብልሽት መጠባበቂያ አንድ፣ በድምሩ 10 ያስፈልጋል። አራት ብቻ ከተገኘ በየ22 ደቂቃ ተኩሉ ይመጣል። ያን ያህል ቆሞ የሚጠብቅ ሰው የለም፤ ወደ ባጃጅ ይሄዳል፣ አውቶቡሱም ባዶውን ይዞር ይሆናል፣ ከዚያ "ሕዝቡ አልፈለገውም" ይባላል። አራቱን አውቶቡስ 5 ኪሎ ሜትር በሆነ መስመር ላይ ብታሰማሯቸው ግን ዙሩ 43 ደቂቃ ገደማ ይሆንና በየ11 ደቂቃው አንድ ይደርሳል። አጭር መስመር ላይ በደንብ መጀመር ረጅም መስመር ላይ ተሳስቶ ከመቅረት ይሻላል።

በሰኔ መምጣት

የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል፣ ሰኔ 30 ይዘጋል። በሰኔ ጥያቄ ይዞ የሚመጣ ሰው የቀረውን ለመዝጋት የሚሯሯጥ ፋይናንስ ያገኛል። የመምሪያዎች ዕቅድ የሚረቀቀው ከዚያ በፊት ነው። ቆጠራውን በጥቅምትና በኅዳር ጨርሱ፤ ዝናቡ አልፎ፣ ዩኒቨርሲቲው ተከፍቶ መንገዱ መደበኛ መልኩን ይዟል። በጥርና በየካቲት ጥያቄውን ከነወጪው አስገቡ። ከመጋቢት ጀምሮ የከተማው ምክር ቤት አባላትን በየቀበሌያቸው አግኟቸው፤ በጀት የሚያጸድቁት እነሱ ናቸው።

መረጃ ተከልክለናል ብሎ መተው

የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 የመረጃ ጥያቄ በ30 ቀን ውስጥ መልስ እንዲያገኝ ይደነግጋል። ካልተመለሰ ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ፣ ቀጥሎ ለሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አቤት ይባላል። "ስለ ትራንስፖርት ያላችሁን ሁሉ" ብላችሁ አትጠይቁ፤ "በ2016 እና በ2017 በዚህ መስመር የተመደቡ ባጃጆች ብዛት" ብላችሁ ጠይቁ። አቤቱታ ማቅረብ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 30 የተጠበቀ መብት ስለሆነ በግለሰቦች ፊርማ ብቻም ይቻላል። ገንዘብ ለመሰብሰብ ወይም የባንክ ሒሳብ ለመክፈት ከሆነ ግን ማኅበር ሆናችሁ ተመዝገቡ። በአማራ ክልል ብቻ የሚሠራ ማኅበር በክልሉ ይመዘገባል፤ አዲስ አበባ ድረስ የሚያስኬድ አይደለም።

ባጃጁን ጠላት ማድረግ

በባጃጅ ብዙ ቤተሰብ ይተዳደራል። "ባጃጅ ይነሳልን" ያለ ቡድን በዚያው ቀን የባጃጅ ማኅበራቱን፣ ሹፌሩን፣ ተራ አስከባሪውንና ከፌርማታው አጠገብ ቡና የምታፈላውን ሴት ተቃዋሚ ያደርጋል። በዚያ ላይ ስለ መስመሩ ከማንም በላይ የሚያውቁት እነሱ ናቸው፦ በስንት ሰዓት ተሳፋሪ እንደሚደርቅ፣ ሹፌር ለምን መንገድ እንደሚቆራርጥ፣ የት ጋ ውሃ እንደሚተኛ። አውቶቡስ በዋናው መንገድ፣ ባጃጅ ከሰፈር ወደ ዋናው መንገድ እያመጣ ቢመግበው ሁለቱም ይኖራሉ። ይህን ሐሳብ ከደብዳቤው በፊት ለማኅበራቱ ወስዳችሁ አነጋግሯቸው። አስተያየታቸውን ያልያዘ ጥናት በመጀመሪያው ስብሰባ ይወድቃል።

"ለኢኮኖሚ ዕድገት" የሚለውን ቃል ባዶውን መተው

በሰው ኪስ ተርጉሙት። ሁለት ባጃጅ ለሄድ፣ ሁለት ለመልስ የሚይዝ ሠራተኛ፣ አንዱ ጉዞ ለምሳሌ 15 ብር ቢሆን፣ በ22 የሥራ ቀን 1,320 ብር ያወጣል። ከአንድ ጀማሪ ሠራተኛ ደመወዝ ላይ ይህ ስንት እጅ እንደሆነ አሳዩ። ወደ ጥበበ ጊዮን ሆስፒታል የሚሄድ ታካሚን አስታማሚው ተከትሎት እንደሚሄድም አስቡ፤ ሒሳቡ እጥፍ ነው።

ብስክሌቱንና እግረኛውን "በኋላ" ማለት

አገሪቱ ከ2020 እስከ 2029 እ.ኤ.አ. የሚዘልቅ ሞተር አልባ ትራንስፖርት ስትራቴጂ አላት፤ ጥያቄያችሁን በእሱ ላይ አስደግፉት። ዝርዝሩን ግን ሜዳ ወርዳችሁ እዩ። የጎርፍ ቦይ ክዳንን ውሰዱ፦ የብረት ዘንጎቹ ከመንገዱ ጋር በአንድ አቅጣጫ ከተዘረጉ ቀጭን የብስክሌት ጎማ በመሃላቸው ይገባና ፊተኛው ጎማ ይያዛል፣ ነጂው በመሪው ላይ ይወረወራል። ክዳኑን ዘጠና ዲግሪ አዙሮ መግጠም ብቻ አደጋውን ያስቀራል። በሜትር ለክታችሁ፣ ፎቶ አንሥታችሁ፣ ስንት ክዳን እንደሆነና የት የት እንዳሉ በካርታ ላይ ብታስገቡ፣ ያለ ትልቅ በጀት በጥገና ቡድን የሚሠራ ነገር ነው። የመጀመሪያ ጥያቄያችሁ እንዲህ ያለ ቢሆን መልካም ነው።

ሐይቁን የቱሪስት ብቻ አድርጎ ማየት

ወደ ዘጌ የሚሄድ ገበሬና ተማሪም በጀልባ ይጓዛል። የጣና ሐይቅ የውሃ ከፍታ በዓመት ውስጥ ከአንድ ሜትር በላይ ከፍና ዝቅ ስለሚል፣ በመስከረም ልክ የሆነ መሳፈሪያ በግንቦት ከጀልባው በላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል። የምትጠይቁት መሳፈሪያ ደረጃ ያለው ወይም ተንሳፋፊ ይሁን። ከሰዓት በኋላ ነፋሱና ማዕበሉ ስለሚበረታ የጊዜ ሰሌዳው ጠዋትን ያስቀድም፤ በቂ የሕይወት አድን ጃኬትም በጥያቄው ውስጥ ይግባ።

ከተፈቀደ በኋላ መበተን

የጠየቃችሁት አገልግሎት ለሙከራ ሲፈቀድ ሙከራው ለሦስት ወር ይሁን ብላችሁ በጽሑፍ አስይዙት። ሦስቱ ወር ሲያልቅ በዚያው ፌርማታ፣ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ቅጽ ድጋሚ ቁጠሩ፤ ቆሞ የቀረው ሰው ስንት እንደነበረና ስንት እንደሆነ ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ ያንን ገጽ ደብዳቤው ወደተመራለት ባለሙያ በእጃችሁ ውሰዱ።