የኤአይ አማካሪ ሲሆኑ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

«እኛም ኤአይ (ሰው ሠራሽ አስተውሎት) እንፈልጋለን» የሚል ድርጅት አዲስ አበባ ውስጥ በዝቷል። ለምን ሥራ ተብሎ ሲጠየቅ ግን መልሱ ይንተባተባል። አማካሪ የሚፈለገው ለዚህ ነበር፤ አማካሪውም የሚሳሳተው ብዙውን ጊዜ እዚሁ ላይ ነው።

ከዴሞ (ከሙከራ ማሳያ) መጀመር

ደንበኛው ቻትቦት (በጽሑፍ የሚያወራ ፕሮግራም) እንዲሠራለት ይጠይቃል፣ አማካሪው ላፕቶፑን ከፍቶ ያሳያል፣ ስብሰባው በጭብጨባ ያልቃል። ከወር በኋላ የሚጠቀምበት ሰው የለም። ዴሞውን ትተው መጀመሪያ ሥራውን ከሚሠራው ሰው አጠገብ ግማሽ ቀን ይቀመጡ። ከማናጀሩ ጋር አይደለም፤ ስልክ ከምታነሳው፣ ደብዳቤ ከሚመዘግበው፣ ደረሰኝ ከኤክሴል ጋር ከምታመሳክረው ሠራተኛ ጋር። አንዳንዴ ፎርሙ ላይ አንድ ጥያቄ መጨመር ብቻ ይበቃል። «ይሄ ኤአይ አያስፈልገውም» ቢሉ ሥራው ያመልጠኛል ብለው አይስጉ። ደንበኛ እንዲህ ያለውን ሰው ነው መልሶ የሚጠራው።

በእንግሊዝኛ ሞክሮ ለአማርኛ ተጠቃሚ ማስረከብ

እኔን ከሁሉም በላይ የሚያናድደኝ ይሄኛው ነው። ሰዓትን ብቻ እንይ። አንዷ ደንበኛ «ነገ 3 ሰዓት ቀጠሮ ያዙልኝ» ብላ ትጽፋለች። እሷ ያለችው ጠዋት ነው። ቦቱ ግን በፈረንጅ አቆጣጠር አንብቦ ከሰዓት በኋላ ሊመዘግባት ይችላል፤ በእኛ 9 ሰዓት መሆኑ ነው። ሴትዮዋ በጠዋት መጥታ በር ላይ ትቆማለች። ዓመተ ምሕረትም እንደዚያው ነው። በ2017 ዓ.ም. የተፈረመ ውል እንደ እ.ኤ.አ. ከተነበበ ድሮ ያለፈበት ይመስላል። የበጀት ዓመታችን ሐምሌ 1 እንደሚጀምር፣ ጳጉሜን 5 ቀን፣ አልፎ አልፎም 6 እንደምትሆን ሞዴሉ (ከቦቱ ጀርባ ያለው ኤአይ) ሁሌ ያስታውሳል ብለው አይመኑ። የቀን ልወጣውን በኮድ ይሥሩት።

ወጪውም አለ። ሞዴሎች ጽሑፍን ቶክን በሚባል ቁርጥራጭ ይቆጥራሉ፣ ሂሳቡም የሚመጣው በቶክን ነው። ኮምፒውተር ፊደልን በሚያስቀምጥበት ዩቲኤፍ-8 በሚባለው አሠራር አንድ የእንግሊዝኛ ፊደል 1 ባይት ሲይዝ፣ አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ይይዛል። ብዙ ሞዴሎች የሠለጠኑትም ባብዛኛው በእንግሊዝኛ ጽሑፍ ነው። ስለዚህ ያው ሐሳብ በአማርኛ ሲጻፍ ብዙ ጊዜ የበለጠ ቶክን ይበላል። ዋጋውን በእንግሊዝኛ አስልተው ካቀረቡ፣ የመጀመሪያው ሂሳብ ሲመጣ ጠብ ነው።

የደንበኛን ሰነድ እንዳለ ቻትቦት ላይ መለጠፍ

እ.ኤ.አ. በ2023 የሳምሰንግ ሠራተኞች የኩባንያቸውን ኮድ ቻትጂፒቲ ላይ ለጥፈው፣ ኩባንያው እንዲህ ያሉ መሣሪያዎችን እስከ መከልከል ደርሷል። እኛም ጋ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። ስም፣ ስልክና የሂሳብ ቁጥር ሳይወጣለት ምንም አይለጠፍም።

«የተናገረው ቦቱ ነው» ማለት

የኤር ካናዳ ቻትቦት ለሐዘን ለሚጓዝ መንገደኛ ቅናሹን ከጉዞ በኋላም መጠየቅ እንደሚችል ነግሮት ነበር። የአየር መንገዱ ደንብ ግን ይህን አይፈቅድም። ኩባንያው ቦቱ ለራሱ ተጠያቂ ነው የሚል ክርክር አቀረበ። ጉዳዩን ያየው የካናዳ ዳኝነት አካል እ.ኤ.አ. በ2024 ክርክሩን ውድቅ አድርጎ ካሳ አስከፈለው። ቦቱ ሲሳሳት ማን እንደሚያርም፣ ማን እንደሚከፍል ውሉ ላይ አስቀድመው ይጻፉት።

ባልደረቦችን በስላይድ ማሠልጠን

የኒውራል ኔትወርክን ታሪክ ሙሉ ቀን ቢተርኩላቸው በማግስቱ ማንም አያስታውስም። እያንዳንዱ የራሱን ሥራ ይዞ ይምጣ። «እትዬ፣ እስቲ የትናንቱን ቃለ ጉባኤ ያምጡት» ይበሉ። ሞዴሉ ያሳጥረው፣ ከዚያ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጠው በእስክሪብቶ ያመሳክሩ። የብሩ መጠን ተቀይሯል? ለውይይት ብቻ የተነሳው ሐሳብ «ተወስኗል» ተብሎ ወጥቷል? ይህን አንዴ በራሱ ሰነድ ላይ ያየ ሰው ሁለተኛ ሳያነብ አይልክም። ኒውዮርክ ውስጥ ቻትጂፒቲ የፈጠራቸውን የፍርድ ቤት ውሳኔዎች ሳያጣሩ ያቀረቡ ጠበቆች እ.ኤ.አ. በ2023 5,000 ዶላር ተቀጥተዋል፤ ይህንንም ቢነግሯቸው አይከፋም።

ደግሞ አለቃና ሠራተኛን አንድ ክፍል ውስጥ አያስቀምጡ። አለቃ ባለበት «አልገባኝም» የሚል የለም። አለቃውም ቢሆን ከጸሐፊው ፊት ኪቦርድ ሲፈልግ መታየት አይወድም፤ ቢሮው ገብተው፣ በሩን ዘግተው ለብቻው ያሳዩት።