የህሊና ቁስል፦ ለመርዳት ሲባል የሚሠሩ ስህተቶች

ለሁለት ሕሙማን ያለው የመተንፈሻ መርጃ መሣሪያ አንድ ብቻ ሆኖ ለማን እንደሚሰጥ የወሰነች ሐኪም አለች። ሕንፃው ሊደረመስ ነውና ውጣ ተብሎ ታዝዞ፣ ውስጥ የቀረ ሰው እያለ የወጣ የእሳት አደጋ ሠራተኛም አለ። ሁለቱን እንቅልፍ የሚነሳቸው ያደረጉት ወይም ሳያደርጉት የቀሩት ነገር ነው። የህሊና ቁስል የምንለው ይህንን ነው። ሐሳቡ ጎልቶ የወጣው ከቪየትናም ጦርነት የተመለሱ ወታደሮችን ያክም በነበረው አሜሪካዊ የሥነ አእምሮ ሐኪም በጆናታን ሼይ ሥራ ነው፤ ዛሬ ስለ ነርሶች፣ ስለ ፖሊሶችና ስለ ማኅበራዊ ሠራተኞችም ይነሳል። አለቆችና ባልደረቦች ለመርዳት ሲነሱ ግን የሚከተሉትን ይሳሳታሉ።

ድካም ነው ብሎ ፈቃድ መስጠት

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 በሰጠው ትርጉም የሥራ መዛል የሚመጣው በአግባቡ ካልተያዘ ሥር የሰደደ የሥራ ጫና ነው። ለመዛል ዕረፍት ይረዳል። ህሊናው የቆሰለ ሰው ግን ቤቱ ሲቀመጥ የሚጠብቀው ያው ጥያቄ ነው፤ ያውም ሥራ በማያስረሳበት ሰዓት።

«ጥፋቱ ያንተ አይደለም» ብሎ መቸኮል

ከሁሉም የሚከፋው ይህ ይመስለኛል፤ በቅን ልብ ስለሚደረግ ማንም አያርመውም። ፍርሃት የገባው ሰው አደጋው ማለፉን ሲረዳ ይረጋጋል። እዚህ ግን ሰውየው በራሱ ላይ የሚሰጠው ፍርድ በከፊል እውነት ሊሆን ይችላል፤ ገና ተናግሮ ሳይጨርስ ነጻ ስናወጣው እንዳልሰማነው ያውቃል፤ ሁለተኛም አይነግረንም።

መጀመሪያ እስከ መጨረሻው ይናገር። ቀጥሎ አብራችሁ ለዩ፦ በዚያች ሰዓት ምን ያውቅ ነበር? በእጁ ምን ምርጫ ነበረው? የሌሎችስ ድርሻ የቱ ነው? ብዙ ጊዜ ሸክሙ እዚህ ላይ ይቀንሳል፤ ሁሉም ግን አይጠፋም። ለተረፈው ድርሻ የሚሻለው የሚካስበትን መንገድ መፈለግ ነው፤ ለቤተሰቡ እውነቱን መንገር፣ ይቅርታ መጠየቅ፣ ስህተቱን ያመጣውን አሠራር ማስቀየር። «ያደረግሁት መጥፎ ነው» የሚል ሰው ለመካስ ይነሳሳል፤ «እኔ ራሴ መጥፎ ነኝ» ወደ ማለት ሲደርስ ግን ይደበቃል። ለወታደሮች የተዘጋጀ አንድ የሕክምና ዘዴ ታካሚው የሚያከብረውንና የሚራራለትን ሰው በሐሳቡ ፊቱ አስቀምጦ እንዲያናግረው የሚያደርገውም ለዚህ ነው።

ሁሉንም ሰብስቦ በግድ ማናገር

አደጋ በደረሰ ማግሥት ቡድኑን አስቀምጦ አንድ ጊዜ ብቻ ማናዘዝ ከአደጋ በኋላ የሚመጣን የአእምሮ ጭንቀት እንደማይከላከል ጥናቶች አሳይተዋል፤ አንዳንዶችንም ሊጎዳ ይችላል። መድረኩ በፈቃድ ይሁን፣ ይደጋገም። የሠራተኛውን የሥራ አፈጻጸም የሚሞላው አለቃ ደግሞ አድማጭ ሆኖ አይቀመጥ።

ራስን የማጥፋት ሐሳብን ጸጸት ነው ብሎ ማለፍ

«ባልኖር ይሻል ነበር» የሚል ቃል ከተሰማ በቀጥታ ይጠየቅ፤ ብቻውን አይተው፤ ያኔውኑ ከባለሙያ ጋር ይገናኝ።

የተቋሙን ድርሻ መሸሸግ

ሼይ የቁስሉ ዋና ምንጭ አድርጎ ያየው ከባድ ነገር በተደቀነበት ሰዓት ሥልጣን ያለው አካል ትክክል የሆነውን ነገር መክዳቱን ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 በአሜሪካ ያሉ ሁለት ሐኪሞችም የባልደረቦቻቸው ችግር መዛል ሳይሆን ይህ ቁስል ነው ብለው ሲጽፉ ጣታቸውን የቀሰሩት ታካሚን በሚገባው መንገድ ለማከም በማያስችለው ሥርዓት ላይ ነበር። ነርሷን ወደ አማካሪ ልኮ አንዷን ለሦስት ሰው ሥራ የሚመድበውን ፈረቃ እንዳለ መተው፣ ችግሩ አንቺ ነሽ ማለት ነው። ሠራተኞች አስቀድመው አስጠንቅቀው ከነበረ ደብዳቤያቸው ይውጣ፤ ማን ተቀብሎት ምን እንዳደረገበት ይነገራቸው። ይቅርታ የሚጠየቅ ከሆነም የሚጠይቀው የወሰነው ኃላፊ ራሱ ይሁን፤ ለሰው ሀብት ክፍል አይተው።