ጋሼ፣ ሻሼ፣ ኮማንዶ እና ቡቺ፦ ብዙ ውሾችን በአንድ ግቢ ማኖር እንዴት ይቻላል?

ግቢያችን ውስጥ 4 ውሾች አሉ። መጀመሪያ ላይ አራቱንም እንደ አንድ ውሻ ነበር የያዝኳቸው። እኩል ምግብ፣ እኩል ጨዋታ፣ እኩል ቁጣ። አድልዎ የሌለብኝ ሰው መስዬ ለራሴ ታየሁ። መጨረሻው አንድ የተቀደደ ጆሮ፣ አንድ የተነከሰ እጅ (የኔው) እና ዓይናችንን ማየት ያስጠላቸው ጎረቤት ሆነ። ከዚያ በኋላ ያስተካከልኩትን በተራ ልንገራችሁ።

1. ለአንድ ሳምንት ዝም ብላችሁ ተመልከቱ

ምንም ነገር ከመቀየራችሁ በፊት ጠዋትና ማታ በረንዳ ላይ ቁጭ በሉ። ደብተር ብትይዙ ደግሞ የተሻለ ነው። ጨዋታ የሚጀምረው ማነው? የሚሸሸውስ? ምግቡን ትቶ ሰው የሚከተለው የቱ ነው? ምን ያስፈራዋል?

የኔዎቹን ልጥቀስ። ጋሼ የሐበሻ ውሻ ነው፤ 9 ዓመት አልፎታል። ሌላ ስም ነበረው፣ የሰፈር ልጆች «ጋሼ» ብለውት በዚያው ጸና። ጠዋት ፀሐይ ላይ ሲተኛ የሚነካው አይወድም። ሻሼ የጀርመን ክልስ ናት፣ 2 ዓመቷ ነው፤ የሚሮጥ ነገር ሁሉ የሷ ነው። ኮማንዶን ስም ያወጣለት ጥበቃችን ነው። ቡችላ እያለ ደረቱን ነፍቶ ሲንጎራደድ አይቶት ነው። አሁን ነፋስ ያነሳውን ፌስታል ካየ መኪና ሥር ይገባል። ቡቺ 5 ወሯ ነው። ሌላ ስም እናወጣላታለን እያልን ቀረ።

2. ልፊያን ከጠብ ለዩ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ውሾች ሲላፉ ይናከሳሉ፣ ያጉረመርማሉ፣ ይጣጣላሉ። የማያውቅ ሰው ሊገላግል ይሮጣል።

ልፊያ መሆኑን የምታውቁት በመጀመሪያው እንቅስቃሴ ነው። ውሻው የፊት እግሮቹን መሬት ላይ ዘርግቶ ቂጡን ወደ ላይ ያነሳል። «ና እንጫወት» ማለቱ ነው። አፉ ክፍት፣ ሰውነቱ ልል ነው። ደግሞ ተራ አለው፤ ያሳደደው ይሳደዳል፣ የጣለው ይወድቃል። መሀል ላይ ያስነጥሳሉም። ጉንፋን እንዳይመስላችሁ፣ የጨዋታ ነው።

ጠብ ሲመጣ ግን ድምፅ ይቀንሳል። አፍ ይገጠማል፣ ሰውነት ይደርቃል፣ ዓይን አንድ ቦታ ይተከላል፣ የጀርባ ፀጉር ይቆማል። ጭራውን ስለቆላ ብቻ ደስ ብሎታል አትበሉ፤ ጭራ ቀጥ ብሎ ቆሞ ጫፉ ብቻ ከተንቀጠቀጠ ተጠንቀቁ።

ከተጠራጠራችሁ ጉልበተኛውን ጥሩትና ለአፍታ ያዙት። ሌላኛው ተመልሶ ከመጣ ጨዋታው ይቀጥል። ዕድሉን አግኝቶ ሹልክ ካለ በቅቶታል ማለት ነው። ሻሼና ኮማንዶ ላይ ስሞክረው ኮማንዶ በየቀኑ ሹልክ ይል ነበር። እኔ ለወራት «ሲጫወቱ ደስ ሲሉ!» እያልኩ ነበር የማያቸው።

3. ምግባቸውን ለያዩ

ውሻ በበላበት ይጮሃል ይባላል። እኛ ጋ በበላበት ይጣላ ነበር። 4 ሳህን ጎን ለጎን ደርድሬ አቀርባለሁ። ቡቺ የራሷን ሳትጨርስ የጋሼ ሳህን ውስጥ አፏን ትከታለች። ኮማንዶ ደግሞ ሰው ካየው ጭራሽ አይበላም።

አሁን ጋሼ በረንዳው ሥር፣ ሻሼ በሩ ጋ፣ ኮማንዶ ከጓሮ፣ ቡቺ እግሬ ሥር ትበላለች። በ15 ደቂቃ ውስጥ ሳህኑ ባዶ ሆነም አልሆነም ይነሳል። መሬት ላይ የተረፈ ምግብ የጠብ ዘር ነው።

ስለ ፍርፋሪ አንድ ነገር ልበል። ወጥ የነካው እንጀራ ለውሻ አይሆንም። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሴል ይጎዳሉ፤ ቢበስሉም ያው ናቸው። ከሽንኩርት ነፃ በሆነ መረቅ ሩዝ ወይም ድርቆሽ አርሱላቸው። የተቀቀለ አጥንትም ይሰነጠቅና ስንጣሪው ጉሮሮና አንጀት ይወጋል። ለበዓል በግ ሲታረድ ሳንባና ጉበት ጥሬውን መወርወር የሁላችንም ልማድ ነው። ውስጡ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ካለ ግን ውሻው አንጀት ውስጥ ትል ይሆናል፤ እንቁላሉ ከዓይነ ምድሩ ጋር ወጥቶ ወደ ሰው ከገባ ያንኑ ቋጠሮ በሰው ጉበትና ሳንባ ላይ ያመጣል። በደንብ ቀቅሉት፣ ወይም ቅበሩት።

4. ለየጠባዩ የተለየ ጨዋታ ስጡ

ሻሼን ሳታደክሟት ሌሎቹ ሰላም አያገኙም። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ፣ መንገዱ ሳይጨናነቅ፣ ብቻዋን 40 ደቂቃ ትሄዳለች። ስትመለስ ውሃ ጠጥታ ትዘረጋለች።

ጋሼ ሩጫ አይፈልግም። የሱ ጨዋታ አፍንጫው ነው። ዳቦ ቆራርሼ ግቢው ሣር ውስጥ እበትንለታለሁ፤ እያሸተተ ሲለቅም ግማሽ ሰዓት ያልፋል።

ለቡቺ ባዶ ሃይላንድ ይበቃል። ክዳኑንና ቀለበቱን አውጥታችሁ ውስጡ የዳቦ ቁራሽ ጨምሩ። በአፍንጫዋ እየገፋች፣ በእግሯ እየመታች ታንከባልለዋለች። ቁራሹ ሲወድቅ ለሰከንድ ቆማ ሃይላንዱን ታየዋለች፣ እንደ ጉድ። ፕላስቲኩን መቅደድ ስትጀምር ግን ንጠቋት። ከ4 እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ 28ቱ የወተት ጥርሶች በ42 ስለሚተኩ ድዷ ይበላታል፤ ጫማ ብትበላ አትፍረዱባት፣ ጫማውን አንሱ።

ኮማንዶ ጨዋታው ከሰው ጋር ብቻ ነው። ሌሎቹ ተዘግተው የካልሲ ኳስ ስወረውርለት ሌላ ውሻ ይሆናል።

ቀኑን ሙሉ በሰንሰለት ማሰር ግን ይቅር። አንዱ ታስሮ ሌላው ፊቱ ሲፈነጭ የታሰረው ቂም ይይዛል፤ ማታ ሲፈታ ያወራርዳል። ማገድ ካስፈለገ ሁሉንም በየተራ፣ ለአጭር ጊዜ፣ በአጥር ለዩ።

5. የሚያጉረመርመውን አትቅጡ

ቡቺ የጋሼን ጆሮ ስትጎትት ጋሼ ያጉረመርማል። በፊት «ዝም በል!» እለው ነበር። ትልቅ ስህተት ነው። ማጉረምረም ማስጠንቀቂያ ነው። ማስጠንቀቂያውን የከለከላችሁት ውሻ በቀጥታ ወደ መንከስ ይሄዳል። አሁን የማነሳው ቡቺን ነው። ቡችላ በቀን እስከ 18 ሰዓት ይተኛል። ስትነጫነጭ አብዛኛውን ጊዜ እንቅልፍ ነው፤ ካርቶኗ ውስጥ ሳስገባት ወዲያው ትተኛለች።

6. ጠብ ከተነሳ እጃችሁን አታስገቡ

እኔ አስገብቻለሁ። አንድ አጥንት ጋሼና ሻሼ መሀል ወደቀ። የጋሼን አንገት ልይዝ ስል ዞሮ አውራ ጣቴን ነከሰኝ። እኔ መሆኔን እንኳ ያወቀ አይመስለኝም። ቁስሉን 15 ደቂቃ በሳሙናና በሚወርድ ውሃ አጥቤ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ውሻው የተከተበ ቢሆንም መታየት ያስፈልጋል።

የሚሠራው ባልዲ ሙሉ ውሃ ነው። ሁለት ድስት ክዳን ማጋጨትም ያደናግጣቸዋል። ሁለት ሰው ካላችሁ እያንዳንዱ የአንዱን ውሻ የኋላ እግሮች ከኋላ ይዞ እንደ ጋሪ ወደ ኋላ ይጎትት። ከዚያ ቢያንስ እስከ ማግስቱ ለያይታችሁ አቆዩ።

7. ሐኪም ጋ

የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ከ3 ወር ዕድሜ ጀምሮ ይሰጣል፣ ሐኪሙ በሚላችሁ ጊዜ ይደገማል። የትል መድኃኒት ለአዋቂዎቹ በየ3 ወሩ። ወንድና ሴት አብረው ካሉ ማምከኑን ተነጋገሩበት። ሴቷ በዓመት ሁለት ጊዜ ገደማ፣ በያንዳንዱ ለ3 ሳምንት ያህል ወንዶችን ትስባለች፤ በዚያን ጊዜ ወንድማማች የነበሩት እንኳ ይጣላሉ።

8. የማታ ጩኸት

አራቱ ሲጮሁ አራቱንም አትቆጡ፤ ሰውም አብሯቸው እየጮኸ ነው የሚመስላቸው። መጀመሪያ የሚጮኸውን ፈልጉ። እኛ ጋ ሻሼ ናት፤ በሩ ሥር በሚታየው ክፍተት የሰው እግር ሲያልፍ ታያለች። ክፍተቱን በጣውላ ደፈንነው፣ የመኝታ ቦታዋን ወደ ጓሮ አዞርነው። የቀሩት ሦስቱ ለካ አጃቢ ነበሩ።

ባለፈው ሳምንት ጎረቤታችን በሩ ላይ አስቆሙኝ። ከስንት ጊዜ በኋላ ሰላም ካሉኝ በኋላ «ልጄ፣ ውሾቹን ሸጣችኋቸው እንዴ?» አሉኝ።