የሰርቨር ባክአፕ ሲያዘጋጁ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሬፕሊኬሽንን ባክአፕ ነው ብሎ መተማመን ከሁሉም የከፋው ስህተት ነው፤ ደጋግሜ ስላየሁት ትዕግሥቴን አስጨርሶኛል። ሬፕሊኬሽን በዋናው ሰርቨር ዲስክ ላይ የተጻፈውን ለውጥ ሁሉ ወዲያው ወይም በሰከንዶች ውስጥ ወደ ሁለተኛው ሰርቨር ያስተላልፋል፤ ዓላማውም ዋናው ሲበላሽ ሁለተኛው ሥራውን እንዲረከብ ነው። የተላለፈለት ለውጥ ትክክል ይሁን ስህተት ግን አይመረምርም። አብሮኝ ይሠራ የነበረ አንድ ጀማሪ ልጅ የአንድ ደንበኛ መዝገብ ሊሰርዝ የዲሊት ትእዛዝ ሲጽፍ፣ የትኛው እንደሚሰረዝ የሚወስነውን ሐረግ ረስቶ ሠንጠረዡን በሙሉ ባዶ አደረገው። ላብ በላብ ሆኖ «ጋሼ፣ ሁለተኛው ሰርቨር ላይ አለ አይደል?» አለኝ። ከፍተን የመዝገቦቹን ብዛት ስንጠይቅ 0 የሚል መልስ መጣ። ሰርቨሩ የታዘዘውን በትክክል ፈጽሟል፤ የጎደለው የትናንት ማታውን ይዘት ሳይለወጥ የሚያቆይ ሌላ ቅጂ ነበር። የቢሮው ሠራተኞች ከወረቀት ደረሰኝ እያዩ መዝገቡን መልሶ ለማስገባት ሦስት ሳምንት ፈጀባቸው።

ይህ በትልልቅ ድርጅቶችም ደርሷል። እ.ኤ.አ. በ2017 ኖትፔትያ የተባለው አጥፊ ፕሮግራም የዴንማርኩን የመርከብ ድርጅት ሜርስክን ሲመታ፣ የድርጅቱ ዶሜይን ኮንትሮለሮች፣ ማለትም የሠራተኞችን መግቢያ ስምና የይለፍ ቃል የሚያረጋግጡት ሰርቨሮች፣ አንዱ የሌላውን ይዘት ስለሚገለብጥ አንዱ ቢጠፋ ሌላው ይተካዋል ተብሎ ይታሰብ ነበር። ሁሉም በአንድ ጊዜ ጠፉ፤ የተረፈው ጋና ውስጥ መብራት በመጥፋቱ ከኔትወርኩ ተለይቶ የነበረው አንዱ ብቻ ነው። ስለዚህ ከባክአፕ ቅጂዎች ቢያንስ አንዱ በዋናው ዶሜይን የይለፍ ቃል የማይከፈት፣ ቢቻልም ከኔትወርክ የተነቀለ ይሁን።

ዳታን በበርካታ ዲስኮች ላይ በጋራ የሚያስቀምጠው ሬይድ የሚያድነው ከዲስክ መበላሸት ብቻ ነው። የዲስኩን የአንድ ቅጽበት ይዘት የሚይዘው ስናፕሾትም ያልተለወጡትን የዳታ ክፍሎች ከዋናው ጋር ስለሚጋራ፣ ዲስኮቹ ሲሞቱ አብሮ ይሞታል።

ሁለተኛው ከባድ ስህተት ዳታውን ከባክአፑ መልሶ ማግኘት መቻሉን ሳይሞክሩ ማመን ነው፤ ይህን እኔም ፈጽሜዋለሁ። ማታ ማታ የዳታቤዙን ቅጂ አውጥቶ ጂዚፕ በተባለው የፋይል ማመቂያ ፕሮግራም የሚያምቅ ስክሪፕት ጽፌ፣ ጠዋት ጠዋት «ተሳክቷል» የሚለውን መልእክት እያነበብኩ ወራት አሳለፍኩ። አንድ ቀን የፋይሎቹን መጠን ስመለከት እያንዳንዳቸው 20 ባይት ነበሩ። የዳታቤዙ የይለፍ ቃል በመቀየሩ የሚታመቅ ነገር አልነበረም፤ ጂዚፕ ግን ባዶውን ያለ ችግር አምቆ ስለጨረሰ ስክሪፕቱ ሁሉም የተሳካ መሰለው። በጃንዋሪ 31 ቀን 2017 የፕሮግራም ኮድ ማስቀመጫ አገልግሎት የሚሰጠው የጊትላብ ድርጅት መሐንዲስ የዋናውን ዳታቤዝ ማኅደር በስህተት ሲሰርዝም ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። ዳታቤዙ 9.6፣ የባክአፑ መሣሪያ ግን 9.2 ስሪት ስለነበር ባክአፑ ሲከሽፍ ቆይቷል፤ ክሽፈቱን የሚያሳውቁት ኢሜይሎችም ለተቀባዮቹ አይደርሱም ነበር። ያዳናቸው አንድ ባለሙያ ከ6 ሰዓት በፊት ለሌላ ሥራ ያነሳው ስናፕሾት ነው። ቢያንስ በወር አንድ ጊዜ ቅጂውን በባዶ ሰርቨር ላይ መልሳችሁ፣ መዝገቦቹን ቁጠሩ፤ የመጨረሻውን ቀን ግብይትም ከፍታችሁ እዩ።

በሥራ ላይ ያለን ዳታቤዝ ፋይሎቹን እንዲሁ በመገልበጥ ባክአፕ አታድርጉ። የተመሰጠረ ባክአፕ መክፈቻ ቁልፍንም እዚያው ሰርቨር ላይ ብቻ አታስቀምጡ።

በመጨረሻ፣ ብዙዎች ቅጂውን መላክ እንጂ መመለስ ምን ያህል ጊዜ እንደሚወስድ አያሰሉም። 2 ቴራባይት ዳታ በሰከንድ 20 ሜጋቢት በሆነ መስመር ለማውረድ፣ መስመሩ አንዴም ባይቋረጥ እንኳ ከ9 ቀን በላይ ይፈጃል። በየማታው የተለወጠውን ብቻ መላክ ስለሚቀል ይህ ችግር ሰርቨሩ እስኪወድቅ ድረስ አይታይም። ስለዚህ አንድ ቅጂ በዚያው ሕንፃ ውስጥ በሌላ ዲስክ ላይ ይኑር፤ ተራው ብልሽት በሰዓታት ውስጥ የሚጠገነው ከእሱ ነው። ሕንፃው ራሱ ቢቃጠል ወይም ቢዘረፍ የሚያስፈልገው ግን በሌላ ቦታ የተቀመጠው ነው፤ እሱም በዲስክ ተጭኖ በመኪና የሚመጣበት መንገድ አስቀድሞ ይወሰን።