ለፀሐያማ የጸደይ ቀን የኢንዲ ዘፈኖችን መምረጥና ማሰናዳት

ለጸደይ ፀሐይ ተብሎ የሚሰናዳ ፕሌይሊስት አብዛኛውን ጊዜ የሚበላሸው ገና ከጅምሩ ነው፤ «ደስ የሚል ዘፈን» ተብሎ ሲፈለግ። ሁሉም ፈጣን፣ ሁሉም የሚያስጨበጭብ፣ ሁሉም ከመጀመሪያው ሰከንድ የሚጮህ ይሆንና ስድስተኛው ዘፈን ላይ ጆሮ ይታክታል። ዘፈንን ፀሐያማ የሚያደርገው ግን ከግጥሙ ይልቅ ድምፁ ነው። ግጥሙ ስለ መለያየት ቢሆንም ጊታሩ ጥርት ካለ፣ በመሣሪያዎቹም መካከል አየር የሚያስገባ ክፍተት ካለ፣ ውጭ ተቀምጠው ሲሰሙት ያምራል። የማይሰለቹትም እንዲህ ዓይነቶቹ ናቸው። የደስታ ግጥም፣ የደስታ ዜማና የደስታ ከበሮ ከተደራረቡ ዘፈኑ በሳምንት ያልቃል።

ኢንዲ የሚለው ስም መጀመሪያ ከትልልቅ የሙዚቃ ኩባንያዎች ውጭ የታተመን ሥራ ብቻ ያመለክት ነበር። ቆይቶ ግን የድምፅ ዓይነት መጠሪያ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1986 ኤንኤምኢ የተባለው የእንግሊዝ የሙዚቃ ጋዜጣ 22 ዘፈኖች የያዘ «ሲ86» የሚባል ካሴት አውጥቶ ነበር። ካሴቱ ላይ ያሉት ባንዶች ሁሉ አንድ ዓይነት ባይሆኑም ስሙ ቃጭል ከሚመስለው፣ ከሚያንጫርረው ጊታር ጋር ተጣብቆ ቀርቷል። ለጸደይ የምንፈልገው በአመዛኙ ያንን ድምፅ ነው።

እንግዲህ አንድ ዘፈን ለቀኑ ይሆን እንደሆነ ለመለየት በመጀመሪያው ደቂቃ ሦስት ነገር ማዳመጥ ይበቃል። ቀዳሚው ጊታሩ ነው። ቀጫጭኖቹ ክሮች ጎልተው፣ ኖታው አንድ በአንድ ተለይቶ የሚሰማ መሆን አለበት። ጊታሪስቶች ይህን የሚያገኙት ብዙ ጊዜ ካፖ የሚባለውን ክር መጫኛ መቆንጠጫ የጊታሩ አንገት ላይ አስረው ቅኝቱን ከፍ በማድረግ ወይም ባለ 12 ክር ጊታር በመጠቀም ነው። ዲስቶርሽን (ጊታሩን የሚያሻክረው የድምፅ ማዛባት) ከበዛበት ዘፈኑ መጥፎ ነው ማለት ሳይሆን ቦታው ሌላ ነው። ቀጥሎ ምቱ፦ ታምቡሪን፣ ማራካስ ወይም ጭብጨባ ያለበት ቀለል ያለ ከበሮ ይመረጣል። በመጨረሻም የድምፃዊው ድምፅ ላይ ያለው ማሚቶ ነው። ጥቂት ማሚቶ ቦታውን ያሰፋዋል፤ ሲበዛ ግን ጭጋግ ያመጣል። ድሪም ፖፕ የሚባለው ዘርፍ እኩለ ቀን ላይ የማይሠራው በዚህ ነው። አይጣል፤ ለማምሻ ይቀመጥ።

እዚህ ላይ የዘ ላዝ ባንድን «ዴር ሺ ጎውዝ» በቅርብ ማየት ይጠቅማል። በ1988 የወጣ፣ ሦስት ደቂቃ የማይሞላ ዘፈን ነው። እንደተለመደው ስንኝ ተብሎ የሚለይ ክፍል የለውም፤ አዝማቹ ነው የሚደጋገመው፣ መሐል ላይ አንድ ማሸጋገሪያ ገብቶ። መግቢያው ላይ የሚሰማው የጊታር ዜማ እየተመለሰ ዘፈኑን ይሸከመዋል። የሚናገረው ጥቂት፣ የሚያበራው ብዙ ነው። የዘ ሺንስ «ኒው ስላንግ» (2001) ደግሞ የተገላቢጦሹ ምሳሌ ነው፤ ቀርፋፋና ቅሬታ ያዘለ ሆኖ ሳለ አኩስቲክ ጊታሩና ታምቡሪኑ ስላልተጨናነቁ ጥላ ሥር ላለ ሰው ተስማሚ ነው። ፉጨትም እንዲሁ ብዙ ይሠራል። የፒተር ብዮርን ኤንድ ጆን «ያንግ ፎክስ» (2006) መግቢያ ላይ ያለውን ፉጨት የማያውቅ ጥቂት ነው። ነገር ግን በአንድ ዝርዝር ውስጥ ፉጨት ያለባቸው ሁለት ዘፈኖች ካሉ አንዱ ማስታወቂያ መምሰሉ አይቀርም።

ፍጥነትን በእጅ መቁጠር ይሻላል። ለ15 ሰከንድ እግርዎ የሚመታውን ቆጥረው በ4 ያባዙ። ለመቀመጥና ለመጋደም ከ75 እስከ 95፣ ለእግር ጉዞ ከ100 እስከ 120፣ ለብስክሌት ከ130 በላይ ይስማማል። መካከለኛው ልክ ሰው በተለመደው አካሄዱ በደቂቃ ከሚራመደው እርምጃ ጋር ስለሚቀራረብ ነው። አፕሊኬሽኖች የሚሰጡት ቁጥር አንዳንዴ እጥፍ ይሆናል፤ 160 ተብሎ የተመዘገበውን ዘፈን ሰውነት 80 አድርጎ ይሰማዋል። ሲለያዩ እግርን ማመን ነው።

ብዛቱን በተመለከተ የኢንዲ ዘፈን በአማካይ ሦስት ደቂቃ ተኩል ነው ብለን ብናስብ ለሁለት ሰዓት 34 ያህል ይበቃል። 50 ሰብስቦ መቀነስ 34 ለማግኘት ከመልፋት ይቀላል። ዋናው ሥራ ግን ቅደም ተከተሉ ነው። በጣም የሚወዱትን ዘፈን መጀመሪያ አያድርጉት፤ ሰው ገና ቦታ እየያዘ ሳለ ያልፋል። አራተኛው ላይ ቢሆን ይመረጣል። የአንድ ባንድ ሁለት ዘፈኖች መካከል ቢያንስ ስምንት ሌሎች ይግቡ። እንደ ቫምፓየር ዊኬንድ «ኤ-ፓንክ» (2008) ያለ ሁለት ደቂቃ ተኩል እንኳ የማይሞላ ሩጫ ካለፈ በኋላ ሌላ ሩጫ አይከተል፤ አንድ ረጋ ያለ ወይም ድምፃዊ የሌለበት ሥራ ጣልቃ ይግባ። ቅኝታቸውም ፍጥነታቸውም አንድ የሆኑ ዘፈኖች ጎን ለጎን ከተቀመጡ አድማጩ አንድ ረጅም ዘፈን የሰማ ይመስለዋል።

መጋጠሚያውን ለመፈተን ሁሉንም ከዳር እስከ ዳር ማድመጥ አያስፈልግም። የአንዱን የመጨረሻ 20 ሰከንድና የቀጣዩን የመጀመሪያ 20 ሰከንድ ብቻ ይስሙ። 34 ዘፈን ካለ ከ25 ደቂቃ ያነሰ ሥራ ነው፤ ከሌላው ሁሉ የበለጠ ለውጥ የሚያመጣውም ይኸው ነው። ዘፈኖችን እያደራረበ የሚያሻግረውን ማስተካከያ (ስፖቲፋይ ላይ እስከ 12 ሰከንድ ይደርሳል) ያጥፉት፤ ግድ ከሆነም ከ2 ሰከንድ አይለፍ። ብዙ የኢንዲ ዘፈን ከበሮ መቺው ዱላዎቹን እያጋጨ በሚቆጥረው ቆጠራ ወይም በአንድ የጊታር ምት ስለሚጀምር 12 ሰከንድ ከተደረበበት መግቢያው ይዋጣል። በአንጻሩ የድምፅ መጠንን የሚያመጣጥነው ማስተካከያ መበራት አለበት። የ1980ዎቹ ቅጂዎችና ቤት ውስጥ የተቀረጹ ሥራዎች ከአዲሶቹ ዝቅ ስለሚሉ፣ ያለዚያ በየዘፈኑ ቁልፉን ሲያዞሩ ይውላሉ።

ቤት ውስጥ ያማረው ውጭ ሲወጣ የሚሳሳውስ ለምንድን ነው? ግድግዳ ስለሌለ ነው። ክፍል ውስጥ ቤዙ ከግድግዳ እየተመለሰ ይጠናከራል፤ ሜዳ ላይ ይበተናል። ከስፒከሩ ያለው ርቀት እጥፍ በሆነ ቁጥር ድምፁ በ6 ዴሲቤል ገደማ ይወርዳል። ድምፁን መጨመር ብዙዎች የሚሠሩት ስሕተት ነው፤ ትንሽ ስፒከር ሲጮህ የሚጨምረው የሚወጋውን ከፍተኛ ድምፅ ነው፣ ቃጭል መሰሉ ጊታር ደግሞ ያኔ ጥርስ ያንቀጫቅጫል። ስፒከሩን ማቅረብ ወይም ከግድግዳ አስጠግቶ ማስቀመጥ ይሻላል። ድምፁ የሚቆራረጥ ከሆነም ስልኩ ያለበትን ኪስ ይመልከቱ። የሰው አካል የብሉቱዝን ሞገድ ይውጣል፤ ውጭ ደግሞ ሞገዱ ተመልሶ የሚዞርበት ግድግዳ ስለሌለ ከኋላ ኪስ ወደ ፊት መቀየሩ ብቻ ብዙ ጊዜ ያስተካክለዋል።

ስልኩ ከፀሐይ ይከለል። አፕል ለአይፎን የሚመክረው የአካባቢ ሙቀት እስከ 35 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው፤ አየሩ 24 ቢሆንም ጥቁር ስልክ ፀሐይ ላይ ሲሰጣ በጣም ይግላል፣ ከዚያም ራሱን ለማቀዝቀዝ ሥራውን ይቀንሳል ወይም ያቆማል። ዘፈኖቹን ቀድሞ ማውረድም ግለቱንና የባትሪ ፍጆታውን ይቀንሳል። በሰከንድ 320 ኪሎቢት በሆነ የድምፅ ጥራት 34ቱ ዘፈኖች 290 ሜጋባይት አካባቢ ይይዛሉ። ስፖቲፋይ ላይ ያወረዱት እንዳይጠፋ ቢያንስ በ30 ቀን አንድ ጊዜ ኢንተርኔት ማገናኘት ያስፈልጋል።

ወደ ማምሻው ፍጥነቱ ከ90 በታች ይውረድ፣ ያስቀመጥናቸው ማሚቶ የበዛባቸው ዘፈኖችም አሁን ይግቡ። ከስድስት አይብለጡ። የመጨረሻው በድንገት ከሚቆረጥ ይልቅ እየደከመ የሚጠፋ ዘፈን ይሁን። አውቶፕሌይ የሚባለውንም ቀድመው ያጥፉ፤ ያለበለዚያ አፑ ራሱ የመረጠውን አንድ የሚያስጨበጭብ ዘፈን ዝምታው ላይ ይለቅብዎታል።