የኢንሰርት ፕላን ሲያነቡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ገላን ያለ መጋዘን የሚዛን መዝገቡን መሃል አዲስ አበባ ወዳለ የፖስትግሬስ (የዳታቤዝ ሶፍትዌር) ሰርቨር ይልካል እንበል። መረጃውን ወደ ቴብሉ የሚያስገባው ትእዛዝ (ኢንሰርት) ሲዘገይ ባለሙያው ኤክስፕሌን ያዛል፤ ይህም ዳታቤዙ ትእዛዙን እንዴት እንደሚፈጽም የሚገልጽ ፕላን ያወጣል። ችግሩ የሚጀምረው የወጣው ፕላን ሲነበብ ነው።

ኮስቱን (የተገመተውን የሥራ ወጪ) አይቶ መደምደም። በቫልዩስ (ዋጋዎቹን በቀጥታ በመጻፍ) አንድ ረድፍ የሚያስገባ ትእዛዝ ፕላኑ ሁለት መስመር ብቻ ነው፤ ኮስቱም 0.01 አካባቢ ነው። ቴብሉ አንድ ኢንዴክስ (ፍለጋ የሚያፈጥን ማውጫ) ቢኖረውም አሥራ ሁለት ቢኖረውም ቁጥሩ ያው ነው። ፕላነሩ (ፕላኑን የሚያወጣው የዳታቤዙ ክፍል) የሚያሰላው ረድፉ ከየት እንደሚመጣ ነው፤ ኢንዴክሶቹን ማደስ ግን ግዴታ ስለሆነ የሚመርጠው ነገር የለም። ስለዚህ ኢንዴክሶቹን ከቴብሉ መግለጫ ላይ ይቁጠሩ። ስታቲስቲክሱ ለወራት አንዴም እንዳልተነበበ የሚያሳየው ኢንዴክስ ካለ፣ ፕራይመሪ ኪ (የረድፉ መለያ) ወይም ዩኒክ (ድግግሞሽ የሚከለክል) እስካልሆነ ድረስ ቢነሳ ይሻላል።

ኤክስፕሌን አናላይዝን (ትክክለኛውን ጊዜ ጭምር የሚለካውን) እንደ ሙከራ መቁጠር። ትእዛዙ በእርግጥ ይፈጸማል፤ ረድፉ ይገባል። በቢጊን (ትራንዛክሽን መክፈቻ) ጀምረው በሮልባክ (ለውጡን መሰረዣ) ይዝጉት። ያኔም ቢሆን የሲኩዌንሱ (ተከታታይ ቁጥር ሰጪው) ቁጥር ወደ ኋላ አይመለስም።

የታችኛውን መስመር መዝለል። አናላይዝ ሲታከል የፎሪን ኪ (ከሌላ ቴብል ጋር የሚያያዝ ቁልፍ) ማጣሪያና የትሪገሮች (ረድፍ ሲገባ በራሳቸው የሚነሱ ተግባራት) ጊዜ ከፕላኑ ግርጌ ለየብቻ ይወጣል፣ ስንት ጊዜ እንደተጠሩም ጭምር። 5,000 ረድፍ ሲገባ 5,000 ጊዜ የተጠራ ትሪገር አብዛኛውን ሰዓት በልቶ ሊገኝ ይችላል። እስከ ኮሚት (ለውጡ እስኪጸድቅ) እንዲቆይ የተደረገ ኮንስትሬይንት (የመረጃ ገደብ) ግን እዚያም አይታይም።

ሰሌክቱን (መረጃ የሚያነበውን ትእዛዝ) ለብቻው መለካት። ፕላን ለኢንሰርት እውነተኛ ጥቅም የሚሰጠው መረጃው ከሌላ ቴብል በሰሌክት ሲመጣ ነው። ጆይኑ (የቴብሎች ጥምረት)፣ ስካኑ (የቴብል ንባብ)፣ የረድፍ ግምቱ ሁሉ ይታያል። ብዙዎች ግን ሰሌክቱን ነጥለው ይሞክሩና ፈጣን ሆኖ ሲያገኙት ጥፋቱን ወደ ዲስኩ ያዞራሉ። ፖስትግሬስ መረጃ ለሚጽፍ ትእዛዝ ፓራለል (ሥራውን ለብዙ ፕሮሰስ፣ ማለትም ለወርከሮች፣ የሚያከፋፍል) ፕላን አያወጣም። ለብቻው ሲሮጥ በበርካታ ወርከሮች የተከፋፈለው ሰሌክት ኢንሰርት ሲቀድመው አንድ ፕሮሰስ ላይ ይወድቃል። የሁለቱን ፕላን ጎን ለጎን አስቀምጠው ጋዘር (የወርከሮቹን ውጤት የሚሰበስበው) የሚለው መስመር መጥፋቱን ይመልከቱ። ክሪኤት ቴብል አዝ (ከሰሌክት ውጤት አዲስ ቴብል የሚፈጥር ትእዛዝ) ይህ ክልከላ ስለሌለበት ለጊዜያዊ ማጠራቀሚያ ይጠቅማል።

የኔትወርክ መስመሩንና ኮሚቱን መርሳት። ከገላን ሰርቨሩ ደርሶ መልስ 20 ሚሊሰከንድ ቢፈጅ፣ አንድ በአንድ የሚላኩ 5,000 ረድፎች 100 ሰከንድ በመንገድ ብቻ ይፈጃሉ። ፕላኑ ስለዚህ ምንም አይልም፤ ኮሚት ሲደረግ ዲስኩን መጠበቁንም አያሳይም። ከ500 እስከ 1,000 ረድፍ በአንድ ትእዛዝ ይላኩ፤ ብዛቱ ከዚያ ካለፈ ኮፒን (የጅምላ ማስገቢያ ትእዛዝ) ይጠቀሙ። ለፍጥነት ብሎ ኤፍሲንክን (መረጃው ዲስክ ላይ መድረሱን የሚያረጋግጠውን ቅንብር) ማጥፋት ግን መብራት በሚቆራረጥበት ቦታ ዳታቤዙን ለመበላሸት ማጋለጥ ነው። ሲንክሮነስ ኮሚትን (ኮሚት ዲስኩን እንዲጠብቅ የሚያደርገውን) ማጥፋት ቢበዛ የመጨረሻዎቹን ጥቂት ትራንዛክሽኖች ያሳጣል እንጂ ዳታቤዙን አያበላሽም።